ለወጣቶች የሚሰጥ ገንዘብ፦ ካለፉት ስድሳ ዓመታት ምን እንማራለን?

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አባሎቻችን ድምፅ ከሚሰጡባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፦ ማኅበራችን ከዓመት ገቢው ከፍሎ፣ በካራቆሬና በአካባቢዋ ያሉ ወጣቶች ራሳቸው አቅደው ለሚመሩት ሥራ የማይመለስ ድጋፍ ይስጥ ወይስ አይስጥ? ሐሳቡን ያመጡት የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ደጋፊዎቻችንም በጎ ብለውታል። ከአባሎቻችን ግን ጥቂት የማይባሉት ተጠራጥረዋል፤ ጥርጣሬያቸውም እንዲሁ ከመሬት የተነሣ አይደለም።

የሚሉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማይመለስ ገንዘብ ይበላል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ብሩን ይዘው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ይሄዱበታል። ሦስተኛ፣ እኛ በየሳምንቱ ሳንቲም እየቆጠርን ያጠራቀምነውን ላልደከመበት ሰው ማደል አግባብ አይደለም። ለእነዚህ ጥያቄዎች በይሆናል መልስ ከመስጠት ይልቅ፣ አገራችን ከዚህ በፊት ወጣቶችን ለሥራ ስታሰማራና ገንዘብ ስትሰጥ ምን እንደሆነ መለስ ብሎ ማየት ይሻላል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የሚመለስና የማይመለስ

ከሩቁ ታሪክ በፊት ከቤታችን እንጀምር። እቁብ የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ ዕጣ የወጣላት እስከ መጨረሻው ዙር ትከፍላለች። እድር ግን የማይመለስ ገንዘብ ነው። ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑ ይተከልለታል፣ የተወሰነለት ብር ይሰጠዋል፤ በኋላ መልስ የሚለው የለም። በጉልበትም እንዲሁ ነው። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ጉልበት ሲሆን፣ ደቦ ግን አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠሩት፣ ብድሩ በቀን የማይቆጠር ጉልበት ነው።

እድር በከተሞች የተስፋፋው ባለፈው መቶ ዓመት ከተሞቻችን ማደግ ሲጀምሩ ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ወሎ ላይ፣ ቅሬ ይሉታል። መንግሥታት ሲለዋወጡ እድር አልፈረሰም። ገንዘቡ የማይመለስ ሆኖ ሳለ ለምን አይበላም ብለን ብንጠይቅ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚሰጠው ገንዘብ የራሳችን መዋጮ ነው። ደንቡን ከሰብሳቢው እስከ መጨረሻዋ አባል ሁሉም ያውቃል። ገንዘብ ያዡም በአባላት ፊት ቆሞ ሒሳብ ያወራርዳል።

ስለዚህ ከመነሻው አንድ ነገር ልብ እንበል። የማይመለስ ገንዘብ ማለት የማይጠየቅበት ገንዘብ ማለት አይደለም። የሚቀጥለውን ታሪክ የምናየው ይህን ይዘን ነው፤ በየዘመኑ ለወጣቶች ሥራ ሲሰጥ ዕቅዱን ያወጣው ማን ነበር? መዋጮውስ የማን ነበር? ሒሳቡንስ የሰማው ማን ነው?

ተልከው የመጡ ወጣቶች

በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ አሠራር ተጀመረ። አብዛኞቹ በአስተማሪነት ተመደቡ። ወጣት የተማረውን ይዞ ወደ ገጠር ይውጣ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር። ነገር ግን የት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ወጣቱም የተላከበት አገር ሰውም አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላው አገሪቱ ተሰማሩ። ፊደል አስተማሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ዘማቾቹ ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን የዘመቻው ባለቤት መንግሥት ነበርና፣ ወጣቶቹ የራሳቸውን ሐሳብ መናገር ሲጀምሩ ከላኪያቸው ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎችም ዘመቻው ሳያልቅ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚያ የተሻለ ፍሬ አፍርቷል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ተሸልሟል። ከእናቶቻችን መካከል በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚህ ዘመቻ ነው፤ አስተማሪዎቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸው የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ዘመቻው አልፎ የሚነበብ ነገር በየመንደሩ ስላልተገኘ፣ ፊደሉን የረሱትም ብዙ ናቸው።

በዚያው ዘመን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበርና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ተቋቋሙ። አባልነትና መዋጮ ነበራቸው። መዋጮው ግን ከላይ የሚጠየቅ እንጂ ከታች የሚወሰን አልነበረም፤ ገንዘቡ የት እንደዋለም ለከፋዩ አይነገረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ እነዚያ ማኅበራት አብረው ወደቁ። በዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ሰው የተመሠረተው እድር ግን በማግሥቱም ቀብር ወጣ። ሁለቱም መዋጮ ነበራቸው፤ ልዩነቱ የሰው ገንዘብ የሰው ሆኖ መቆየቱና አለመቆየቱ ነበር።

ገንዘብ ወደ ማኅበረሰቡ ሲወርድ

በ1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሃድሶና ልማት ፈንድ ተቋቋመ። ዋነኛው የገንዘብ ምንጭ የዓለም ባንክ ብድር ነበር፤ ለመንደሩ ግን የሚደርሰው የማይመለስ ድጋፍ ሆኖ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ ጉድጓድ የፈለገ ማኅበረሰብ ጥያቄውን ራሱ ያቀርባል፤ ከወጪውም ቢያንስ አንድ አሥረኛውን በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በድንጋይና በአሸዋ ያዋጣል። እድር ለዘመናት ያወቀውን ደንብ መንግሥትና ባንክ በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ያኔ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ጥያቄውን የሚያቀርቡት የአገር ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሹማምንት ነበሩ። ወጣቱ ድንጋይ ተሸካሚ እንጂ ጠያቂ አልነበረም።

ወጣቶች በስማቸው ገንዘብ መቀበል የጀመሩት በኤችአይቪ ምክንያት ነው። በ1993 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የኤድስ መከላከያ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ፈቀደ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል በየወረዳውና በየቀበሌው ላሉ የማኅበረሰብ ሥራዎች የሚውል ነበር። የእኛ አካባቢ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ የተዘረጋ፣ የጭነት መኪና የሚያድርበት አገር በመሆኑ ጉዳዩ በጣም ይመለከተን ነበር። በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የፀረ ኤድስ ክበባት ተቋቋሙ። ልጆቹ ድራማ ሠሩ፣ በቡና ጠጡ ሥነ ሥርዓት ሰውን አወያዩ፣ የታመሙትን በየቤቱ እየዞሩ ጠየቁ፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ደብተር ገዙ።

በአገራችን ወጣቶች በብዛት ማመልከቻ የጻፉት፣ ማኅተም ያስቀረጹት፣ ሒሳብ የያዙት በዚያ ጊዜ ነው። ይሉኝታ ይዞን የማንናገረውን በመድረክ የተናገሩት እነሱ ናቸው፤ ከሞት ያተረፉትም ሰው አለ። ድክመቱም መነገር አለበት። የሥራው ዓይነት አስቀድሞ ተወስኖ የመጣ ነበርና፣ ስለ ሥራ አጥነት ወይም ስለ ውኃ ያሳሰበው ክበብ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ስለ ኤድስ ብቻ መናገር ነበረበት። ገንዘቡ ሲቀንስ ብዙዎቹ ክበባት ተበተኑ። የቀሩት ከአባላት ጥቂትም ቢሆን የሚያዋጡና የራሳቸው ገቢ የፈጠሩ ናቸው።

ስለ ሴት ልጆቻችን አንድ ነገር መጨመር አለብን። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ በሞሰቦ ቀበሌ ብርሃን ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፣ ይቆጥባሉ፤ ትምህርት ቤት ለሚሄዱት የትምህርት ዕቃ ይሰጣል። ልጁን ለሁለት ዓመት ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ፍየል ወይም በግ ይበረከታል። ትንንሾቹ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት የመቆየት ዕድላቸው ጨምሮ፣ ያለዕድሜ ጋብቻም ቀንሶ ተገኘ። አንድ በግ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሥራውን የሠራው ስጦታው ብቻ ሳይሆን ልጆቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውና ወላጆች በጎረቤት ፊት ቃል መግባታቸው ነው።

ብድር ተብሎ የወጣ፣ ስጦታ ተብሎ የተወሰደ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ነው ብሎ ደነገገ። በወረቀት ላይ ተሳትፎ ተጻፈ፤ ሥራ ግን ከልጆቹ ቁጥር ጋር አልተመጣጠነም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከእኛ አካባቢና ከወሎ የሄዱ ልጆች በብዛት ነበሩባቸው። በፌስታል የተቋጠረ ልብስ ይዘው ሲወርዱ ያላየ ሰፈር የለም። ከእነሱም ብዙዎቹ ተመልሰው ሄደዋል።

በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 አቋቋመ። ገንዘቡ በብድር መልክ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጥ ነበር፤ በክልላችን ያከፋፈለውም በያኔው ስሙ አብቁተ ነው። ተዘዋዋሪ የተባለው የመጀመሪያዎቹ የመለሱት ለሚቀጥሉት ይሰጣል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ከእቁባችን ብዙ አይርቅም። በብዙ ቦታ ግን ተመላሹ እንደታሰበው አልሆነም።

ምክንያቱን ከራሳችን አሠራር ጋር አነጻጽረን እንየው። እቁብ ውስጥ የማላውቃት ሴት የለችም፤ ካልከፈለች ዋሷን አውቃለሁ። በፈንዱ ግን ልጆቹ ብዙ ጊዜ የተደራጁት ብድሩን ለማግኘት ነው፤ ከዚያ በፊት አብረው አንድ ብር አላዋጡም። ከማን እንደተበደሩም በልባቸው አልታወቃቸውም፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ የማንም አይደለም ተባለ። ስሙ ብድር ሆኖ በሰው አፍ ስጦታ የሆነው እንዲህ ነው። እድር ውስጥ ደግሞ ስሙ ስጦታ የሆነው ገንዘብ ከብድር በላይ ይጠበቃል። እንግዲህ አንድን ገንዘብ የሚያስከብረው ይመለሳል አይመለስም የሚለው ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከተማን እንደገና ማቆም

ካራቆሬ ከፈረሰ መነሣትን የምታውቅ ከተማ ናት። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ ሰነጣጥቆ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚያጠኑ ሊቃውንት የከተማችንን ስም የሚያውቁት በዚያ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በሸዋ ሮቢት የደረሰው ግጭት ሰው ገደለ፣ ቤትና ሱቅ አቃጠለ፣ ብዙዎችን አፈናቀለ። በዚያው ዓመት ማግሥት ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ።

ያለፈውን የምናነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚመጣው እርዳታ ዱቄት፣ ዘይትና ቆርቆሮ ነው፤ አስፈላጊም ነው። ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ ልጅ ግን ከዚያ እርዳታ የሚያገኘው መዝገብ ላይ መቆጠርን ብቻ ነው። ተሰልፎ ይቀበላል እንጂ ምን ይሠራ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሰንበቴ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በአንድ ቀን ያገናኛል። የዚያ ገበያ ልጆች አብረው የሚሠሩት አንድ ሥራ ቢኖራቸው ከስንት ምክር ይሻላል ብለን እናምናለን።

ከሌላው ዓለም

ለወጣት ቡድኖች በቀጥታ አነስተኛ ድጋፍ መስጠት የእኛ ልጆች የፈጠሩት ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ሀቢታት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኖርዌይ መንግሥት እገዛ የከተማ ወጣቶች ፈንድ ከፍቷል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 32 የሆኑ ወጣቶች ራሳቸው ለሚመሩት ሥራ ቢበዛ 25 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚካሄደው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል ገንዘብ በየአገሩ ለሚገኙ ማኅበረሰቦች ይሰጣል፤ በኢትዮጵያም ሠርቷል። ሁለቱም ገንዘቡን የሚሰጡት ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቡድን ነው።

የአገራችን ሕግም ዛሬ በር ከፍቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህ ክልከላ ተነሥቷል። ደጋፊዎቻችን የሚልኩትን ለወጣቶች ሥራ ብናውል የሚያግደን የለም። የቀረው የእኛ ውሳኔ ነው።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚከተሉትን ደንቦች አውጥተናል። ጉባኤው ያሻሽላቸው።

አንድ፣ ድጋፍ የሚጠይቅ ቡድን ቢያንስ ስድስት ወር አብሮ ያዋጣ ይሁን። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ደብተሩን እናያለን። ለገንዘብ ሲሉ የተደራጁትን አብረው ከሠሩት የሚለየው ይህ ነው።

ሁለት፣ ከወጪው አንድ አሥረኛውን በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በዕቃ ራሳቸው ይሸፍኑ።

ሦስት፣ ሥራውን እነሱ ይምረጡ። ማሾ አበጥሮና ለይቶ ለነጋዴ ማቅረብ ይሁን፣ የሽንኩርት ማቆያ፣ የተበላሸ ቦኖ ጥገና ወይም የንባብ ቤት፣ እኛ አንወስንም። የፀረ ኤድስ ክበባቱን የጎዳው ሥራው ከላይ ተመርጦ መምጣቱ ነበር። ይሁንና ከሃይማኖትና ከብሔር ለይቶ አባል የሚይዝ ቡድን አንደግፍም።

አራት፣ ባንክ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ልጆች አንዷ ሴት ትሁን። ወጣት ሲባል ወንድ ብቻ የሚታሰብበት ልማድ አለና፣ የሴቶች ማኅበር ሆነን እሱን ልናጸና አይገባም።

አምስት፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥ። መጀመሪያ አንድ ሦስተኛው ይውጣ፤ ሒሳቡ በአባሎቻችንና በልጆቹ ወላጆች ፊት ይነበብ፤ ከዚያ ቀሪው ይቀጥል። ሒሳብ ያላቀረበ ቡድን ቀሪውን አያገኝም፤ ስሙም እንደ እድር ወግ በጉባኤ ይነገራል።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንመለስ። ይበላል ላሉት፣ ሊበላ ይችላል እንላለን። ለዚህ ነው በሦስት ከፍለን የምንሰጠው፤ ቢበላ የሚበላው ሲሶው ነው። ይሄዱበታል ላሉት፣ እውነት ነው፣ የሚሄድ ይሄዳል። ደላላው የሚጠይቀው ገንዘብ እኛ ለአንድ ልጅ ከምንሰጠው ብዙ ይበልጣልና በእኛ ብር መንገድ አይከፈትም፤ በእኛ ብርም መንገድ አይዘጋም። ስደትንና ጦርነትን የሚያስቆም ድጋፍ አለን ብለን ለደጋፊዎቻችን ቃል አንገባም። የምንለው፣ እዚህ መቅረት ለሚፈልግ ልጅ የሚቀርበት ምክንያት አንድ ይጨመርለት ነው።

ላልደከመበት ሰው አይሰጥ የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ የደከምንበትን ገንዘብ የምናውቀው እኛ ነንና። በአገራችን ከ1994 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የራስ አገዝ ቡድኖች አዳማ ላይ ሲጀመሩ፣ ሴቶቹ በሳምንት የሚያስቀምጡት ሳንቲም እንጂ ብር አይባልም ነበር። ያ አሠራር ነው ወደ እኛም የደረሰው። እኛን ግን ማንም አሟሉ ብሎ ያልጠየቀን ነገር አልነበረም። አዋጡ ተባልን፣ ተሰብሰቡ ተባልን፣ ሒሳብ ያዙ ተባልን፤ ያንን ስናሟላ ታመንን። ልጆቹንም የምንጠይቃቸው ያንኑ ነው። አዋጥተው፣ ሒሳብ ይዘው ከመጡ ደክመዋል ማለት ነው። ሳያዋጡ የሚመጡትን ደግሞ አንደኛው ደንብ ይመልሳቸዋል።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ወጣቱ ተልኳል፣ ተደራጅቷል፣ ተቆጥሯል፣ ተበድሯል። ዕቅዱን ራሱ አውጥቶ፣ ሒሳቡን በሚያውቁት ሰዎች ፊት እንዲያነብ የተደረገበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እስከ ዛሬ ሎሚውን ለልጆቹ ያከፋፈልነው አናሳ ነው። አባሎቻችን ደንቦቹን በየቡድናችሁ አንብባችሁ፣ የምትጨምሩትንና የምትቀንሱትን ጽፋችሁ ወደ ጉባኤው እንድትመጡ እንጠይቃለን። ማንበብ የማይችሉ አባላት ባሉበት ቡድን ጸሐፊዋ ጮክ ብላ ታንብብላቸው፤ ድምፃቸው እኩል ነውና።